ባትሪም ይጠመድ

በገበያ ቀን፣ ወገዳ። አንድ የስማዳ አባወራ ያገለገለ ፓወር ባንክ አንስቶ ቁልፉን ተጫነ። አራቱም መብራቶች በሩ። ሻጩ «ሙሉ ነው» አለው። ከፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ስልኩን ቢሰካው ግማሽ እንኳ ሳይሞላለት ጠፋ።

ሻጩ ዋሽቶ ይሆን? ላይሆን ይችላል። እነዚያ ትናንሽ መብራቶች በአብዛኛው የሚያነቡት ቮልቴጅን ነው። የሊትየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ወደ 3 ሲወርድ አልቋል ማለት ነው። ያረጀውም ቻርጅ ሲደረግ እዚያው 4.2 ላይ ይደርሳል። ጋን የነበረው በእርጅና ጠቦ ዋንጫ አክሏል፤ ዋንጫም እስከ አፉ ከተሞላ ያው ሙሉ ይባላል።

ይኸው ሰው በሬ ሲገዛ እንዲህ አይሸወድም። ጥርሱን ያያል፣ ጎኑን ይዳስሳል፣ ቢችል ጠምዶ ያየዋል። ቆሞ ሲያዩት የሚያምር በሬ ቀንበር ሲጫንበት ሊተኛ እንደሚችል ያውቃል።

ባትሪም የሚታወቀው ሲጠመድ ነው። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተባለ ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል። 5 ዋት የሚበላ የዩኤስቢ አምፖል ሰክቶ ሰዓት መቁጠር ነው። የሚባክነው ተቀንሶ 6 ሰዓት ያህል ማብራት አለበት። በ3 ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ግማሽ ጉልበቱ የለም። በጉና ዙሪያ ብርዱ ሲበረታ ደህናውም ስለሚደክም፣ ሙከራው ቤት ውስጥ ይሁን። የደከመውን እንደ ድሮው የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይጠቅምም፤ ሙቀት ሊትየምን ይበልጥ ያስረጀዋል። ያበጠ ከሆነማ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ከቤት ይውጣ።

ለሶላር የሚሆነው ባለ 12 ቮልት ባትሪም ከዚህ አይለይም። አርፎ 12.6 ያሳየው፣ አምፖልና ሬዲዮ ሲጫንበት ወዲያው ወደ 11 ከወረደ ድካሙን ተናገረ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጋይንት፣ ስማዳም ሆነ እስቴ፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ስልክ ለማስሞላት ከተማ ድረስ በእግር የሚሄድ አለ። ምጥ በሌሊት ሲመጣ አምቡላንስ የሚጠራው በዚያው ስልክ ነው።

የ6 ሰዓት ሙከራ ገበያ መሀል አይሆንም። ስለዚህ ያገለገለ ባትሪ የሚሸጥ ሰው አንድ ቃል ይግባ፦ «ቤትህ ወስደህ ሞክረው፤ ካልሆነልህ በሚቀጥለው ገበያ መልስልኝ።» ይህን የማይል ሻጭ ካጋጠመ፣ አራት መብራት ስለበራ ብቻ ኪስ አይፈታ።