ስሙ ያልተነገረ ቍጥር

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ተማሪም ሁኑ የቢሮ ሠራተኛ፥ ኤክሴል ከሚባለው የኮምፒዩተር የሒሳብ ሠንጠረዥ ሳትተዋወቁ አልቀራችሁም። የፈተና ውጤትም ሆነ የደመወዝ መክፈያ የሚሠራው በእርሱ ነው። ተደጋጋሚውን ሥራ ደግሞ ለማክሮ እንሰጠዋለን፤ ማክሮ ማለት አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ በተጠራ ቍጥር የሚታዘዝ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። እኔም በጎንደር ከተማ ሒሳብ የማስተምር ነኝና ስለዚህ አገልጋይ ጠባይ ጥቂት ላጫውታችሁ።

በማክሮ ውስጥ እያንዳንዱ ዋጋ ስም አለው። የያዘው ቍጥር የሚለዋወጠው ስም ተለዋዋጭ ይባላል፤ የማይነቃነቀው ደግሞ ቋሚ ነው። ተለዋዋጩን «ዲም»፥ ቋሚውን «ኮንስት» በሚሉ ቃላት አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል። ነገር ግን ቪዥዋል ቤዚክ የተባለው የማክሮ ቋንቋ ካላስገደዱት በቀር ይህን አይጠይቅም። ያልተነገረ ስም ሲያጋጥመው «ይህ ማነው?» አይልም፤ ባዶ ዕቃ ፈጥሮ ይቀበለዋል፥ በሒሳብም ጊዜ እንደ ዜሮ ይቈጥረዋል። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ዓይነት አገልጋይ ነው።

ይህ ጠባይ በተለይ እኛን ይጎዳናል። የማክሮው መጻፊያ በተለመደው አሠራር የግዕዝን ፊደል ስለማይቀበል፥ «ውጤት» ወይም «ድምር» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል እንጽፋለን። አንዱ አናባቢ ይጨምራል፥ ሌላው ይቀንሳል። ለእኛ አንድ ቃል የሆነው ለማክሮው ሁለት ስም ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ የደረሰ ነገር አውቃለሁ። ከደባርቅ መጥታ፥ ቤት ተከራይታ፥ ስንቋን ከአገር ቤት እያስመጣች የምትማር አንዲት ልጅ ታማ ኖሮ ማካካሻ ፈተና ተፈተነች። ማክሮው ማካካሻውን በሚደምርበት መስመር ላይ የድምሩ ስም በአንድ ፊደል ተለውጦ ተጽፎ ነበር። የልጅቱ ነጥብ ማንም በማይጠይቀው ስም ተቀመጠ፤ ካርዷም ወድቃለች ብሎ ወጣ። ማሽኑ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልጅቱ የፈተና ወረቀቶቿን ይዛ ባትከራከር ኖሮ ዓመቷ በከንቱ በቀረ ነበር።

አስቀድሞ ስም የመስጠት ሥርዐት ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት 5500፥ 19፥ 11 እና 30 ቋሚዎች ናቸው፤ ወንበር፥ አበቅቴና መጥቅዕ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። 2018 ዓ.ም. 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ ወንበር 12 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ሊቁ ስሕተት መኖሩን ወዲያው ያውቃል። ሒሳቡ የራሱን ዘበኛ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ለማክሮም ዘበኛ አለው። በገጹ ራስ ላይ «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ያልተነገረ ስም ሲያይ ሥራውን አቁሞ ይጮኻል። በመጻፊያው ምርጫዎች ውስጥ አንድ ጊዜ ምልክት ብታደርጉ በየአዲሱ ገጽ ራሱ ይጽፍላችኋል።

ከስሙ ጋር ዓይነቱንም ንገሩት። «ኢንቲጀር» ከ32,767 በላይ አይችልም፤ 300 ተማሪዎች 150 ብር ቢያዋጡ 45,000 ስለሚሆን ሞልቶ ይፈስሳል። «ሎንግ» ግን ከሁለት ቢሊዮን በላይ ይይዛል። ሳንቲም ላለበት ገንዘብ «ከረንሲ» ይሻላል።

ቋሚውን ደግሞ በራስጌ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉ። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ሕግ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ቍጥሩን በራስጌ የጻፈ ሠራተኛ አንድ መስመር ለውጦ ይገላገላል፤ በየመስመሩ የበተነው ግን አንዱን ቢረሳ የባልንጀራውን ደመወዝ ያጎድላል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፥ አንዲት የማሳወቂያ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከእያንዳንዱ ቍጥር በስተጀርባ ግን የአንድ ሰው ዓመት ወይም የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ አለና፥ በዚህች ግማሽ ደቂቃ አንሰስት።