ከሐሙስ የጀመረ ዓመት

ጳጉሜ ስትገባ ማሻ ውስጥ የማይጀምር ሰው የለም። ጫት ማቆም የሚጀምር አለ፣ ዕቁብ የሚጀምር አለ፣ ሦስት ዓመት ያንጠባጠበ ጣሪያ ማስጠገን የሚጀምር አለ። እኔ ዘንድሮ የጀመርኩት ቁጭ ማለት ነው።

ነገሩን ያመጣችብኝ ደሴ የምትማረው የእህቴ ልጅ ናት። ስልኬ ላይ አንድ የሜዲቴሽን አፕሊኬሽን ጫነችና «ጋሼ፣ በየቀኑ የተለየ ነው፤ አይሰለችዎትም» አለችኝ። ሰኞ ትንፋሽ መቁጠር ነው። ማክሰኞ በዝግታ መራመድ፣ ረቡዕ ድምፅ ማዳመጥ፣ ሐሙስ ከእግር ጣት እስከ አናት ገላን በሐሳብ መዳሰስ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እሑድ ይደርሳል። አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ። ሲጀመርም ሲያልቅም ደወል ይመታል። አማርኛው ተመስጦ ነው ጽሞና ብለን ጥቂት ተከራከርን፤ እኔ በልቤ «ሐሳብ መሰብሰብ» ብዬው ተገላገልኩ። ከብት የሚሰበሰበውም እኮ ከተበተነ በኋላ ነው።

ለሙከራ የመረጥኩት ቀን ጳጉሜ 3 ነበር፣ የሩፋኤል ዕለት። ሰኞ ስለነበረ ትንፋሽ ቆጠራ ደረሰኝ። ደጃፌ ካለው መደብ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። አራተኛው ትንፋሽ ላይ ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ዝናብ ደግሞ ጠበል ነውና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ልብሱን እየጣለ ወጣ። የነሱ ጩኸት፣ የቆርቆሮው ጩኸት፣ በመካከሉ የእኔ ትንፋሽ። ሰባት ያልኩትን ስምንት ማለት አቃተኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

«መምህር፣ ምነው? ደህና አይደሉም እንዴ?»

ጎረቤታችን ሼሁ ናቸው፣ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። በቀትር ዓይኑን ጨፍኖ ደጅ የተቀመጠ ጎልማሳ እኛ አገር ወይ ታሟል ወይ መርዶ ደርሶታል። ነገሩን አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እጅዎ ውስጥስ ምን ይዘዋል?» አሉኝ። ምንም። «እሱ ነዋ! እጅ ሥራ ካልያዘ ልብ ገበያ ይወጣል» ብለው መስበሃቸውን ከኪሳቸው ብቅ አደረጉልኝ። ከሶላት በኋላ ሱብሃነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ ከዚያ አላሁ አክበር። እናቴም ብትሆን ያለ መቁጠሪያ አትጸልይም፤ 41 ጊዜ እግዚኦ የምትለው በእሱ እየቆጠረች ነው። አንዷ ፍሬ ጠፍታባት በቦታዋ ጥቁር ክር ቋጥራለች፤ ጣቷ እዚያ ሲደርስ ቋጠሮዋን እንደ ፍሬ ቆጥሮ ያልፋል።

ስለ እናቴ ካነሳሁ ላይቀር፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቋት ወዲያው አትመልስም። መጀመሪያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ውዳሴ ማርያም የሰኞው ሌላ፣ የማክሰኞው ሌላ፣ እስከ እሑድ ለየቀኑ የራሱ ክፍል አለው። ፊደል ባትቆጥርም በጆሮዋ ይዛዋለች፤ ጠዋት ያደረሰችው የትኛው እንደሆነ አስታውሳ ነው ቀኑን የምትነግራችሁ። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን በስልኳ ልትከራከራት ሞክራ ተረታች። የተሳሳተው ስልኩ አልነበረም፣ ልጅቷ ያየችው የነገን ነው።

«በየቀኑ የተለየ ነው» የሚለው የእህቴ ልጅ ብሥራት እንግዲህ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ጋሥጫ እዚሁ ወሎ፣ ቦረና ውስጥ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ የዛሬ 600 ዓመት ገደማ፣ አርጋኖንን ሲደርስ ለሰባቱ ቀን ከፋፍሎ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ሌሊት የሚቆሙበት ሰዓታትም የእሱ ነው። ገድሉ እንደሚለው ይህ ሰው ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማር ትምህርት አልገባ ብሎት ለዓመታት እህል እንዲፈጭ ተመድቦ ነበር፤ ጥበቡ የመጣለት በእመቤታችን ሥዕል ፊት አልቅሶ ነው። ሊቃውንት ምን እንደሚሉኝ አላውቅም እንጂ፣ እኔ አርጋኖንን በሰባት የከፈለው ያ ወፍጮ ይመስለኛል። ቶሎ የሚገባው ተማሪ መሰልቸት ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ዓመት ሙሉ አንድ ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ላይ የገፋ ሰው ግን ያውቃል።

መዝሙረ ዳዊቱም እንደዚያው ነው። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተመድቦ (አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው) ለሳምንቱ ቀናት ይታደላል። የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30 ነው፤ ቅዳሜ 150 ላይ ያበቃና ለእሑድ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልዩ ይቀራል። ፈረንጅ አገርም የ6ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መነኮሳቱ 150ውን በሳምንት እንዲጨርሱ ያዝዛል። ርቀታችን ይህን ያህል ሆኖ አንድ ሳምንት ላይ መገናኘታችን ይገርመኛል።

የመስከረም 1 ዋዜማ ችቦው በርቶ አለቀ፣ ጠዋት ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች ድርሻቸውን ተቀብለው ሄዱ። ስልኬን ባነሳው ሞቷል። መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። 2018 የገባው በሐሙስ ነውና አፕሊኬሽኑ ቢሠራ ኖሮ ይሄኔ የእግር ጣቴን በሐሳብ እየዳሰስኩ ነበር። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአባቴ ዳዊት ላይ አረፈ። አባቴ ከሞተ ዓመታት ቢሆኑትም ማኅደሩን ከችካሉ ያወረደው አልነበረም።

አውርጄ ገለጥኩት። መጀመሪያ ያየሁት ፊደሉን ሳይሆን ኅዳጉን ነው። የሰኞው ክፍል የገጾቹ ጥግ ጠቁሯል፤ የአባቴ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ እንደ ቆዳ ያብረቀርቃል። ማክሰኞ ላይ ቡናማ ይሆናል። ረቡዕ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ይመስላል። ከሐሙስ ጀምሮ ያለው ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። የተማሪዎቼን ደብተር አስታወሰኝ፤ የመጀመሪያው አሥር ገጽ በቀይና በሰማያዊ የተሰመረ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ።

አባቴን የማውቀው ጎህ ሳይቀድ በጧፍ ብርሃን ሲደግም ነው። ለካ ሁልጊዜ «ከሰኞ ጀምሬ» ሲል ኖሯል! እንደ እኔው። ሳቄ መጣ፣ ዓይኔም ትንሽ እርጥብ አለ፤ የበዓል ጭስ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጽሐፉ ግን ሰኞን አይጠብቅም። ዛሬ ሐሙስ ከሆነ የሐሙስ ድርሻ ነው፣ 81 ብሎ መጀመር፤ ያለፈውን ሰማንያ ማንም አይጠይቅም። ወደዚያው ስገልጥ ሁለት ቅጠሎች አልላቀቅ አሉኝ። ከስንት ዘመን በፊት የጧፍ ሰም ጠብ ብሎባቸው ተጣብቀዋል። በጥፍሬ ቀስ አድርጌ ከጥጉ ጀመርኩ።

እናቴ ከጓዳ የተቆላ ቡናዋን ይዛ ወጣች፤ ጭሱን ወደኔ እያደረገች ቆም ብላ አየችኝ። የገጾቹን ነገር ነገርኳት፤ ሰኞው እንዲህ፣ ሐሙሱ እንዲህ።

«ምን ይደንቅሃል ልጄ? አባትህ ሐሙስ ገበያ ነው» አለች።

«ዓርብና ቅዳሜስ?»

«ሐሙስ ከገበያ ተመልሶ ልቡ መች አብሮት ይመጣ ነበር!» ብላ ቡናውን ልትወቅጥ ገባች። ሰሙ በትንሹ መላቀቅ ጀምሯል።