«የታክሲ ስጪኝ» የማይል ልጅ

ልጇ የአውቶቡስ ሒሳብ የማይጠየቅላት እናት ምን ጎደለባት ብላችሁ ትታዘቡኝ ይሆናል። ታዘቡኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የሚመላለሰውን ነገር ዛሬ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

እዚህ ለንደን ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አውቶቡስና ትራም ላይ አይከፍሉም። ትምህርት ቤት ክፍት ሆነ ዝግ፣ ማለዳ ሆነ ማታ፣ ልዩነት የለውም። 11 ዓመት የሞላው ልጅ ፎቶው ያለበትን ዚፕ የሚባል ካርድ ማሽኑ ላይ ነካ ያደርጋል፤ ማሽኑ ቢፕ ይላል፤ ልጁ ገባ ማለት ነው። ከ11 በታች ያለውማ አውቶቡስ ላይ ካርድም አያስፈልገውም። በሐምሌ አጋማሽ ገደማ ትምህርት ቤቶች ለስድስት ሳምንት ያህል ሲዘጉ ከተማው በልጅ ይጥለቀለቃል። እኛ ሥራ ላይ ነን፣ እነሱ አውቶቡስ ላይ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አውቶቡስ የሚነዳ አንድ ወንድማችን ጠጋ ብሎ ሰላም አለኝ።

«እህቴ፣ ልጅሽን ማክሰኞ አገኘሁት እኮ። እንዴት አድጓል በይ!»

ደስ አለኝ። «የት አገኘኸው?»

«እኔው ጋ ተሳፍሮ ነዋ። ከጓደኞቹ ጋር ፎቅ ላይ ወጥተው መጨረሻ ፌርማታ ድረስ ሄዱ። ፒምሊኮ ስንደርስ ‹ልጆች፣ አበቃ፣ ውረዱ› ስላቸው፣ ‹አመሰግናለሁ ጋሼ› ብሎኝ ወረደ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።»

ማክሰኞ ልጄ ቤተ መጻሕፍት ነኝ ብሎኛል። እኛ የምንኖረው ካምደን አካባቢ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው። ወንድማችን የሚነዳው 24 ቁጥር አውቶቡስ ግን ከሃምፕስቴድ ሂዝ ተነስቶ በካምደን፣ በትራፋልጋር አደባባይ፣ በፓርላማው ደጅ አልፎ ፒምሊኮ፣ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ ነው የሚያራግፈው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከተማውን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ ሄዶ ተመልሷል፤ እናቱ ደግሞ ሥራ ቦታ ሆና ልጄ ያነብባል ብላ ሻይ ትጠጣለች። ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር እንጃ፣ ወንድማችን ግን ወዲያው ገባውና «ኧረ ምንም አላጠፋም!» ማለት ጀመረ።

ቤት ገብተን አስቀመጥኩት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እማ፣ ነጻ እኮ ነው። ምንም ገንዘብ አላወጣሁም።»

እየቀለደ እንዳይመስላችሁ። ከልቡ ነው። የምቆጣው ስለ ገንዘብ ከሆነ ገንዘብ አልወጣም፤ ስለ ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ ያ ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም። ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

እኔ ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። አራት ኪሎ ለመውረድ እንኳ እማዬ ፊት ቀርቤ «የታክሲ ስጪኝ» ማለት ነበረብኝ። እማዬም እጇን ወደ መቀነቷ ከመስደዷ በፊት ትጀምራለች፦ የት? ከማን ጋር? እሷ ደግሞ የማን ልጅ ናት? ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ? ፈተናው ሲያልቅ መዳፌ ላይ ሁለት ስሙኒ ታስቀምጣለች፤ አንዷ መሄጃ፣ አንዷ መመለሻ። ሦስተኛ የለም። ከተማው ለእኔ የሚሰፋውም የሚጠበውም በእነዚያ ሁለት ስሙኒዎች ልክ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ብቻውን የሚላክ ቀን ደግሞ ሌላ ሥነ ሥርዓት አለ። እማዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋ አስፋልት ድረስ ትወጣለች፤ ታክሲ ታስቆማለች፤ ወያላውን «የኔ ልጅ፣ ይሄን ልጅ አራት ኪሎ አውርድልኝ፣ አደራ እንዳታሳልፈው» ትለዋለች። ያ ወያላ ከጠዋት ጀምሮ በመልስ ሳንቲም ከሰው ጋር ሲሰዳደብ የዋለ ሊሆን ይችላል። አደራ ከተባለ ግን አበቃ። ቢረሳ እንኳ ተሳፋሪው አይረሳም፤ «አንተ፣ የልጁ መውረጃ ደርሷል!» የምትል አንዲት እናት ከኋላ ወንበር አትጠፋም። ከመውረዱ በፊትም የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ስንተኛ እንደወጣ ሳይቀር ተናግሮ ይጨርሳል።

እዚህ ሹፌሩ መስታወት ውስጥ ነው። አደራ የሚባልበት ቀዳዳ የለውም። ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል። ሰው የማያውቀውን ልጅ «ብቻህን ነህ? ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተጠያቂው እሱ ራሱ ነው የሚሆነው። ከዚያም ብሶ ገንዘብ የሚባለው ነገር ራሱ ከአውቶቡስ ወርዷል፤ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የለንደን አውቶቡሶች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ስለዚህ «እንካ የመሄጃ፣ እንካ የመመለሻ» ብል እንኳ የት ያደርገዋል? ካርዱን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ የካርዱን ማውጫ ከፍዬ፣ ፎቶውን ልኬ፣ ዝርዝሩን ሞልቼ። ካርዱ የልጄን ስምና ዕድሜ ያውቃል። የት ልትሄድ ነው ብሎ ግን አይጠይቀውም።

ደግሞ አገሩ ራሱ ግራ የሚያጋባ ነው። አንደኛ ደረጃ እያለ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መምህሯ እናቱን በዓይኗ ሳታይ አትለቀውም ነበር። እኔ ከዘገየሁ ይደወልልኛል፤ ሌላ ሰው የሚወስደው ከሆነ ቀድሜ ማሳወቅ አለብኝ። ከዚያ 11 ዓመት ሞላው፣ ሁለተኛ ደረጃ ገባ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ያ ሁሉ ጥበቃ ተነሣና «እንግዲህ በአውቶቡስ ብቻውን ይመላለሳል» ተባልኩ። መሐል ላይ ያለው የት ሄደ? ልጅን ቀስ በቀስ ነው እንጂ እንዲህ በአንድ ጊዜ መልቀቅ የት አገር ነው የታየው ብዬ ነበር ያኔም። ዛሬም እላለሁ።

ይህን የነጻ ጉዞ የጀመሩት የያኔው የለንደን ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ16 ዓመት በታች ላሉት ሰጡ፤ በ2006 ደግሞ ትምህርት ላይ ያሉ የ16ና የ17 ዓመት ልጆች ተጨመሩ። ሐሳቡ ልጅ በሒሳብ ማጣት ከትምህርትም ሆነ ከጨዋታ እንዳይቀር ነው። በኋላ የለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ነገሩን አጥንተውት ነበር። ልጆቹ መራመድ ይተዋሉ፣ ይሰንፋሉ ተብሎ የተፈራውን ያህል ሆኖ አላገኙትም። አውቶቡስ ለልጆቹ የመገናኛ ቦታቸው ጭምር ሆኗል፤ ዕድሉ ለሁሉም ስለሆነ ደግሞ ማንም ልጅ በድህነቱ ተለይቶ አይታይም።

ይቺን የመጨረሻዋን ሳነብ ትንሽ ቆምኩ። እኛ ክፍል ውስጥ «እኔ በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል» የምትል ልጅ ነበረች። ሰኔ መጨረሻ ላይ እንኳ፣ ያ ዝናብ እየወረደ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በእግሯ ትሄድ ነበር። እኛ ታክሲ ውስጥ ሆነን በመስኮት እጃችንን እናውለበልብላታለን። የእውነት ደስ የሚላት ይመስለን ነበር።

ልጄ ፒምሊኮ አብሯቸው ከሄዳቸው ልጆች የማንኛው አባት ሀብታም እንደሆነ፣ የማንኛው ቤት በመንግሥት ድጎማ እንደሚኖር አላውቅም። ሁሉም ቢፕ ብለው ነው የገቡት። አንድ ልጅ ሒሳብ ስለሌለው ወደ ኋላ አልቀረም። ይሄን ክፉ ነው ማለት አልችልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም።

እንዲያው ተለቀዋል ብሎ ለሚያማ ደግሞ ሥርዓት አለው። ካርዱ የባሕርይ ደንብ አለው፤ አውቶቡስ ላይ ያስቸገረ ልጅ ዕድሉን ይነጠቃል፤ መልሶ ለማግኘት በበጎ ፈቃድ ሥራ ማገልገል አለበት። ይሄ በጣም ነው የተመቸኝ። አባቴ ቢሰሙ «እንግሊዝ እንዲህ ነው!» ባሉ ነበር።

ከለንደን ውጭ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሦስት ልጆች አሏት። ክረምት በመጣ ቁጥር እሮሮዋ ይህ ነው፦ ልጆቹን ይዛ ከተማ ደርሳ ለመመለስ ለራሷም ለልጆቿም መክፈል አለባት፤ አይስክሬሙ ሳይጨመር ማለት ነው። ስኮትላንድ ቢሆን ኖሮ ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ከ22 ዓመት በታች ያለ ሁሉ በአውቶቡስ በነጻ ይሄዳል፤ እሷ ግን ያለችው እንግሊዝ ነው። «አንቺ ደግሞ የሚያማርርሽ ነገር አጣሽ» አለችኝ። እኔ በበኩሌ ክረምቱን ልጆቿ የት እንደዋሉ ጠንቅቃ ታውቃለች አልኩ በልቤ። ቤት ነው የዋሉት።

እህቴ ከአዲስ አበባ ደግሞ ምን አለች መሰላችሁ? «እንኳን ነጻ፣ ከፍለንም ታክሲ አላገኘንም።» የስሙኒው ዘመን ካለፈ ቆየ። እሷም ዛሬ ልጇን ወያላ ላይ አደራ ብላ እንደማትጥል ነግራኛለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች። እኔ የምናፍቀው ታክሲ አሁን የት መስመር ላይ እንዳለ እንጃ። ቀላል ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ሒሳቡ እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ብር ነበር፤ የእህቴ ልጆች ያን ጊዜ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ለሽርሽር ብቻ ደርሰው ይመለሱ ነበር። እናታቸው አብራቸው ሆና ነው ግን። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ደግሞ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የእማዬ ሁለት ስሙኒም ቢሆን ሁልጊዜ ታክሲ ላይ አልዋለም። ከአራት ኪሎ በእግር ወጥቶ በመመለሻው ቦምቦሊኖ መግዛት የሚባል ነገር ነበር። ዘይቱን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ፣ ስኳሩን ከከንፈሬ አራግፌ ነው ቤት የምገባው። እማዬ «በምን መጣሽ?» ስትል «በታክሲ» እላታለሁ። ልጄ ይህን አያውቅም። አልነግረውምም።

በ2020 በኮሮናው ጊዜ፣ መንግሥት የለንደንን ትራንስፖርት በገንዘብ ሲደግፍ ከ18 ዓመት በታች ላሉት የሚሰጠው ነጻ ጉዞ ይቋረጥ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። ያኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ፊርማ ሳሰባስብ የነበርኩት እኔው ነኝ። የልጅ የአውቶቡስ ሒሳብ ቢጨመር በእኔ ደመወዝ ምን ማለት እንደሆነ ካልኩሌተር አያስፈልገኝም። እኔ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 1.75 ፓውንድ የገባውን የጉዞ ሒሳብ ለራሴ ስከፍል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ሲቀየር የማያስከፍለው እንዳያልፈኝ እየሮጥኩ ነው የምይዘው። ዕቅዱ በመጨረሻ ሳይፈጸም ቀረ፤ ተመስገን አልን። ነገ ደግመው ቢያነሡት ዛሬ የጻፍኩትን ሁሉ ረስቼ ፊርማ ላሰባስብ እወጣለሁ።

ለጊዜው ከልጄ ጋር የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው፦ ከመሳፈሩ በፊት የአውቶቡሱን ቁጥርና አብሮት የሚሄደውን ልጅ ስም በስልክ ይልክልኛል። መጀመሪያ ላይ በሥርዓቱ ላከ። አሁን የሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው። «29።» ትንሽ ቆይቶ «24።» አለቃዬ የሎተሪ ቁጥር የሚደርሰኝ ነው የመሰላት። የልጆቹን ስም ስጠይቅ «ያው እነሱ ናቸው» ይላል። የማን ልጆች እንደሆኑ ለማጣራት የእናቶቻቸውን ስልክ መሰብሰብ ጀምሬአለሁ፤ አንዷ ጋናዊት ናት፤ ስደውልላት ገና «ሃሎ» ሳልጨርስ «አንቺም ስለ አውቶቡሱ ነው?» ብላ ሳቀች። ወደፊት የምንግባባ ይመስለኛል።

አንድ የክረምቱ ነገር ቀርቷል፤ ቡሄ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወንዶች ልጆች ተሰብስበው ሆያ ሆዬ እንዲጨፍሩ በሦስት ሰፈር ያሉ የምእመናን ቤቶች ተመርጠዋል። ከቤት ቤት የሚሄዱት በአውቶቡስ ነው፤ ነጻ ነዋ። ችግሩ ዱላው ነው። አዲስ አበባ ላይ ዱላ ይዞ የሚሮጥ የወንድ ልጅ መንጋ ነሐሴ 13 መድረሱን ነው የሚናገረው። ለንደን ውስጥ አሥር የሚያህሉ ጥቁር ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘው ባለ ፎቅ አውቶቡስ ላይ ቢወጡ ግን ከሁለተኛው ፌርማታ በፊት ፖሊስ ይጠራል። እናቶች ተሰብስበን ተነጋገርን፤ ዱላዎቹ በጋቢ ተጠቅልለው በአንድ አዋቂ እጅ ይሂዱ ተባለ። አዋቂዋ እኔ ሆኛለሁ። ልጄ ፎቅ ላይ አትምጪብን ብሏል፤ ታች፣ ሹፌሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከሁላችን ሒሳብ የምከፍለውም እኔ ብቻ ነኝ።