አንዲት ነጥብ

በመድረሳ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሕፃናት ባእን ከታእ፣ ሓእን ከኻእ እንዳያምታቱ «ነጥቧን ተመልከት!» እያልኩ የጮኽኩትን ብዛት አላህ ነው የሚያውቀው። ባለፈው ክረምት ግን እኔው ራሴ በነጥብ ምክንያት ተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ የሚኖረው ወንድሜ ለመድረሳችን ያገለገለ ኮምፒውተር ላከልን። የማስታወስ አቅሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የዛሬን ድረ ገጽ ሲከፍቱበት ቀጥ ይላል። ወንድሜ ደግሞ የፈተና ጥያቄዎችን የሚልክልኝ በኢሜይል ነው። የእህቴ ልጅ ሊኑክስ ጫነበትና «አጎቴ፣ መት የሚባለውን ይሞክሩት» አለኝ።

መት ማይክል ኤልኪንስ የተባለ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም ነው። ሥዕል የለው፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሑፍ ብቻ። ኤምን ሲጫኑ አዲስ ደብዳቤ ይጀመራል፣ ዋይን ሲጫኑ ይላካል። ለመጻፍ እንኳ ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ ያጽፋል።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ ምንም አያውቅም። ስምህን፣ ደብዳቤህ የተቀመጠበትን ሰርቨር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ (የእኔው 993 ነበር) ሁሉንም በአንድ ፋይል መስመር በመስመር ጽፈህ ልትነግረው ይገባል። ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙ ዘወር ብሎም አላየው። ለካ የፋይሉ ስም በነጥብ መጀመር ነበረበት! በሊኑክስ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል በተራው ዝርዝር ላይ አይታይም፤ መት የሚፈልገው ግን ያንኑ የተሸሸገውን ነው። የተለመደው የይለፍ ቃል ስለማይበቃም የእህቴ ልጅ ባለ 16 ፊደል ልዩ ቃል አስቀድሞ አውጥቶልኝ ነበር።

ነጥቧን ጨምሬ ብከፍተው ደግሞ «ሰርቨሩን ማግኘት አልተቻለም» አለኝ። ሁለት ምሽት ታገልኩ። መስመሩን ወቀስኩ፣ መብራቱን ወቀስኩ፣ ወንድሜን ሳይቀር ወቀስኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ልጅ የኻእን ነጥብ ሦስት ጊዜ ቢረሳብኝ ትምህርቱ እስኪያልቅ አቁሜው ነበር። በማግሥቱ አልመጣም።

በሦስተኛው ምሽት የእህቴ ልጅ መጣ። አንዴ አየት አደረገና ስሕተቱን እንዳገኘው ከፊቱ አወቅኩ። ግን አልነገረኝም፤ እጁንም ወደ መጻፊያው አልሰደደም። «አጎቴ፣ በጣትዎ እየነኩ ፊደል በፊደል ያንብቡልኝ» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። አነበብኩ። «አይማፕ» ከሚለው ቀጥሎ ጣቴ ቆመ፤ ከ«ጂሜል» በፊት ነጥብ የለም። ልጁ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤዎቹ ተዘረገፉ። የወንድሜ አማርኛ ደህና ወጣ። በዐረብኛ የጻፈው ሰላምታ ግን ፊደላቱ ተነጣጥለው ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል፤ እንዲህ ያሉት ጥቁር መስኮቶች ብዙዎቹ ከቀኝ የሚጻፍ ቋንቋ አይችሉም። እኔም በበኩሌ «ወዓለይከ ሰላም» የሚለውን በአማርኛ ፊደል ጽፌ ዋይን ተጫንኩ።

ቅዳሜ ልጁ ከእናቱ ኋላ ተሸሽጎ መጣ። ለውሑን ተቀብዬ አየሁት፤ ኻእ ዛሬም ነጥብ የላትም። ለውሑን መለስኩለትና አጠገቡ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ «በጣትህ እየነካህ አንብብልኝ» አልኩት።

ጣቱ አራተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቀና ብሎ አየኝና ብዕሩን ፈለገ።