በ60 እና በ61 መካከል

ሙዚቃ በኖታ የሚጽፍ ሰው የጻፈውን ኮምፒውተሩ መልሶ እንዲያጫውትለት ይፈልጋል። ቀላል ይመስላል አይደል? ፕሮግራሙ (እኔ የምጠቀመው ነፃውን ሙዝስኮርን ነው) እያንዳንዱን ኖታ ወደ ቁጥር ይለውጣል። መካከለኛው ዶ 60 ነው፣ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ 61፤ እንዲህ እያለ ከ0 እስከ 127 ይሄዳል። ድምፁን የሚያወጣው ግን ሌላ ነው፤ ከጎኑ የሚገጠም ፕለጊን። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ስቱዲዮ ገብቶ በየድምፁ፣ ለስለስም ጠንከርም አድርጎ የተቀዳውን ፕለጊኑ እየመዘዘ ያሰማችኋል። ቪኤስቲ የሚባለውን አሠራር ስታይንበርግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2022 መጨረሻ የወጣው ሙዝስኮር 4 ደግሞ ይህንኑ ከነፃ የኦርኬስትራ ድምፆች ጋር ይዞ መጣ። ጉርድ ሾላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ላፕቶፕ የያዘች ልጅ ሙሉ ኦርኬስትራ አገኘች ማለት ነው። መብራት እስኪጠፋ ድረስ።

አሁን ማሲንቆ ፈልጉበት። በነፃ ከሚመጡት ድምፆች ውስጥ እኔ አላገኘሁም። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በምትኩ ቫዮሊን አስቀምጬ ትዝታ ጻፍኩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ኖታው ልክ ነው፤ የሚሰማው ግን የተማሪ ልምምድ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው። ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ እንደ ቫዮሊን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። በ60 እና በ61 መካከል ትልቅ ሰፈር አለ፤ አዝማሪ የሚኖረው እዚያ ነው። በእርግጥ ቃናውን በ"ሴንት" (የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አንዲት ደቂቃ ዜማ በዚህ መልክ ለማቃናት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ስለ አንቺሆዬማ ባናወራ ይሻላል። በገናንም ተዉት፤ ያ ንዝረቱ ከየክሩ ሥር ከምትገባ ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነው፣ የጊታር ፕለጊን ከየት ያመጣዋል?

ለነገሩ መተካካቱ ዛሬ አልተጀመረም። በደርግ ዘመን (1967–1983 ዓ.ም.) ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ሲዘጋው ባንዶች ተዳከሙ፤ ከዚያ አንድ ኪቦርድ የታቀፈ ሰው ከበሮውንም ቤዙንም ተክቶ ሠርግ ማድመቅ ጀመረ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሊም ኤል-ዳብ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አንድ መድረክ ላይ ሰብስቦ ነበር። በሰው እጅ፣ በሰው ትንፋሽ።

እኔን የከነከነኝ ግን ለአንድ አጭር ዶክመንተሪ ማጀቢያ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ናሙናውን በቫዮሊን ፕለጊን አዘጋጅቼ ለአሠሪዎቹ ላክሁ። በጀቱ ላይ ለማሲንቆ ተጫዋች የሚከፈል ገንዘብ ነበረ። "ይሄው አለቀ እኮ! ሌላ ሰው ለምን እንከፍላለን?" አሉኝ። አመሰገኑኝም። ዶክመንተሪው ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ አዝማሪዎች።

ፕለጊንን አልረግምም። ያለሱ አራት ድምፅ አንድ ላይ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ለንድፍ ግሩም ነው። ግን በእሱ ብቻ የሚጽፍ ሰው ቀስ በቀስ ለእሱ የሚመቸውን ይጽፋል፤ መንሸራተቱ ይቀራል፣ ዜማው ቁልፍ በቁልፍ ይሆናል። ገንዘቡን ደግሞ የሚያጣው ፕለጊኑ አይደለም።

ተከራክሬ ጋሼን ሰፈር ድረስ አስመጣኋቸው። የላፕቶፑን ትዝታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና፣ "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አይደክመውም እንዴ?" አሉኝ። ምት የሚቆጥረውን ክሊክ ጆሯቸው ላይ ላድርግ ብል እምቢ አሉ። ሦስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ሦስቱም አልተመሳሰሉም። ሁለተኛው ላይ እኔ ያልጻፍኳት አንዲት ድምፅ አለች፤ 60 ትሁን 61 እስካሁን አልወሰንኩም። እሱን ላክሁ። የጋሼ ክፍያ "እየታየ ነው" ተብያለሁ፤ ዛሬም ደውዬ ነበር።