ተማሪን እንደ ጠባዩ ማስተማር

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚኖር የአእምሮ ጠባይ ነው እንጂ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ጆይ የተባለውን ማእከል በአዲስ አበባ አቋቁመው፣ በየቤቱ ተሸሽጎ ይኖር ለነበረው ልጅ የትምህርት በር ከፈቱለት።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ የሚበቁ አሉ። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚመደበው እንዲህ ያለ ተማሪ የሚቸገረው በዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የመኝታ ቤቱ ጫጫታ፣ ሳይነገር የሚለወጥ የፈተና ሰዓት፣ ሰምና ወርቅ ያለበት ንግግር ያውከዋል እንጂ።

ርዳታውም ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የቀኑን ሥራ በጽሑፍ መስጠት፣ ጸጥ ያለ የፈተና ክፍል ማዘጋጀት፣ ነገሩን በግልጥ መንገር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት እንዳየነው፣ የኔታ ተማሪውን በየተራ አቅርበው ለብቻው ያስቀጽሉታል፤ ፈጣኑን አያስቆሙም፣ ዘገምተኛውንም አይጥሉም። ዕውቀቱም ከደጃችን አይርቅም፤ በሰበታ የልዩ ፍላጎት መምህራን ሲሠለጥኑ ኖረዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ምደባው እንደ ታወቀ የልጃችሁን ጠባይ ለትምህርት ቤቱ ሹም ጽፋችሁ አስታውቁ። ልጁን መሸሸግ የቤተ ሰብን ስም አያስጠብቅም፤ ከአገር የተማረ ሰው ያጐድላል እንጂ።