ጊታሬን ልሸጥ ፒያሳ ወጣሁ

እኔ ሰሞኑን ኪሴ ነጥቶ ነው የሰነበትኩት። የቤት ኪራይ ደርሷል፤ አከራዬ ደግሞ አንዲት ቀን የማያሳልፉ ሴትዮ ናቸው። ቤቴን ዞር ዞር ብዬ ባይ ገንዘብ የሚያወጣ ዕቃ አንድ ብቻ ሆነብኝ... ጊታሬ! የዛሬ ሃያ ዓመት ፒያሳ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ የገዛኋት ናት። «እዚያው ብመልሳት ይሻላል» አልኩና ቅዳሜ ጠዋት አንጠልጥያት ወጣሁ።

ከለገሃር በእግሬ ጀመርኩ። ራስ ሆቴል አጠገብ ስደርስ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን እየደበደበ «ጋሼ፣ ክላሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። ትንሽ ራመድ ስል ግን ሳቄ ጠፋ። እኛ አገር ረዘም ያለ ነገር ሸፍኖ የያዘ ሰው ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ጠመንጃ መሆኑ አያሳዝንም?

ለነገሩ ራስ ሆቴል ሁለቱንም ያውቃል። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ለትግላቸው ድጋፍ ፍለጋ ሲመጡ ያረፉት እዚሁ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኮልፌ የወታደር ሥልጠና ወስደዋል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አይቤክስ ባንድ በዚሁ ሆቴል ሲጫወት የሰላም ስዩም ጊታር ተሰማ። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እዚያው ያነጋ ነበር። አስቡት... ውጪ ፍተሻ፣ ውስጥ ትዝታ!

የቸርችል ጎዳና ዳገት ጀመረ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ቆሟል። ደርግ ለአሥረኛ ዓመቱ በ1977 ያስመረቀው ነው። መንግሥቱ በ1983 ወደቀ። የዚያን ዘመን ዘፈን ግን ዛሬም ሠርግ ላይ ሰው ያስነሳል። መቼም ዘፈን ዘበኛ አያስፈልገውም!

ትከሻዬን ላሳርፍ ቁጭ አልኩ። ክራር አስቀድሞ በቅኝቱ ስለሚቃኝ ክሩን ብትነካው ከቅኝቱ አትወጣም። ጊታር ግን አሥራ ሁለቱንም ድምፅ አቅርቦልህ፣ ትዝታም በለው ባቲ፣ አምባሰልም በለው አንቺሆዬ፣ አምስቱን አንተው ትመርጣለህ። ነፃነት ማለት ይሄው ነው፤ መሳሳትም አለበት። ፖለቲከኞቻችን ግን አንዷን ክር ይዘው እስክትበጠስ ይገዘግዟታል።

ሌላው የሚገርመኝ የእኛው የአድማጮች ነገር ነው። እውነቱን ልናገርና እኔ ሙላቱ አስታጥቄን በወጉ ያዳመጥኩት የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም በ1997 ዓ.ም. ከወጣና ሙዚቃው ከገባበት በኋላ ነው። የራሳችንን ነገር ፈረንጅ ካልመረቀልን አንወደውም ልበል?

ፒያሳ ደረስኩ። ሀገር ፍቅር ቴአትርን ሳስብ ትዝ የሚለኝ አምሃ እሸቴ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የዚህ ቴአትር ብቻ ነበር። አምሃ ግን «የመጣው ይምጣ» ብሎ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው «ወርቃማ ዘመን» ከዚህ ድፍረት ብዙ አትርፏል።

ወደ ሱቄ ሄድኩ። ምን ሱቅ አለ? በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብራ ፈርሳለች። በቦታው ሰፊ መንገድና መብራት አለ፤ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የመጀመሪያዋን ክር የቃኘሁባት ደፍ የቱ ጋ እንደነበረች እንኳ መለየት አቃተኝ። እንደ እንግዳ ሰው ዙሪያዬን አያለሁ።

አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ይሸጣል እንዴ? ስንት ነው?» አለኝ።

«አይሸጥም!» ከአፌ አመለጠኝ። ሱቋ ሄዳለች፤ እሷን ደግሞ ብሰጥ ከዚያ ዘመን ምን ይቀረኛል?

ታክሲ ይዤ ተመለስኩና ለአከራዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ጊታሯን አየት አድርገው «ልጄን ታስተምርልኛለህ?» አሉኝ። «ስልኩ ላይ በፖለቲካ ሲጨቃጨቅ ከሚያድር ይሄን ይማርልኝ።» የወሩን ኪራይ እኩሌታ ማሩኝ፤ የቀረውን ከጓደኛ ተበደርኩ።

ምክሬ አጭር ናት። ችግር ሲመጣ የምትወዱትን ዕቃ ከመሸጣችሁ በፊት የምትወዱትን ሙያ ለመሸጥ ሞክሩ። ልጁ ትናንት ትዝታን ጀምሯል። ጣቱ ቆስሏል... ግን ስልኩን አልነካም!